ትንሿ ቢላዬ ሊሾ ላይ ወድቃ ለሁለት ተሰበረች፤ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?

የደቻቱ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የድሬ ልጅ ነኝ። የምሠራው ጋራዥ ነው፤ በብዛት የሚመጣልን አይሱዙ ነው። ሦስት ወር ሆኖኛል ትንሽ ቢላ በእጄ ለመሥራት ስታገል። ጩቤ አልፈለግኩም። ቦርሳ ውስጥ ገብታ የምትውል፣ ማንጎ የምትልጥ፣ የጆንያ ክር የምትበጥስ፣ ሽቦ የምትገፍ፣ በቃ የዕለት ሥራ የምትሠራ ቢላ።

ብረቱን የቆረጥኩት ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ ነው። በግራይንደር ቅርጽ አወጣሁለት፣ በሞረድ አስተካከልኩት። ከሰል አቀጣጥዬ በፀጉር ማድረቂያ እያናፋሁ አጋልኩትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ጭስስስ! ደስ አለኝ። ሞረድ ብሞክርበት ሸርተት አለ፣ አልነካው አለ። የወይራ እጀታ ገጠምኩለት። ስስለው የክንዴን ፀጉር ላጨ። ሁለት ቀን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳሳይ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጠረጴዛ ላይ ወደቀች። ከፍታው ወገቤን አይደርስም። ሊሾው ላይ ስታርፍ «ቅጭል» አለችና ለሁለት ሆነች። እንደ ብርጭቆ! ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት።

ይሄ ብረት እኮ ስንት ኩንታል ተሸክሞ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የኖረ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያልተሰበረ እንዴት ከጠረጴዛ ወድቆ ይሰበራል? የምታውቁ አስረዱኝ።

ቀፊራ_ጥግ
አቦ ምን አስጨነቀህ? ታይዋን ገበያ ሂድና አንድ የቻይና ቢላ ግዛ። እሷ ብትወድቅ አትሰበርም፣ ትታጠፋለች። አንተ ታቃናታለህ፣ እሷ ትታጠፋለች፣ እንዲህ እየተቻቻላችሁ ትኖራላችሁ።

ሞረድ_በእጄ
ቀፊራ፣ ሰውየው ቢላ የት ይሸጣል አላለም እኮ።

የደቻቱ፣ አይዞህ። የመጀመሪያዋን ያልሰበረ የለም። የእኔዋ እንደውም ገና ውሃው ውስጥ እያለች ነው «ጢን» ብላ የተሰነጠቀችው። እጀታ እስኪገባላት እንኳ አልታገሠችም።

ከጻፍከው ሁለት ነገር ታየኝ። አንዱ ውሃው ነው። ባሌስትራ ውሃ አይወድም፣ ዘይት ነው የሚፈልገው። ውሃ በጣም በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘው ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ላታየው ትችላለህ። ዋናው ግን ሁለተኛው ነው፤ ካጠነከርከው በኋላ መልሰህ አሙቀህ አላለሰለስከውም። ግሎ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ሞረዱ የተንሸራተተልህ ለዚያ ነው። ቶሎ ብለህ 200 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰዓት ታቆየዋለህ፣ ታቀዘቅዘዋለህ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ትደግመዋለህ። ያኔ ከጥንካሬው ጥቂት ይለቅና ቻይ ይሆናል። መኪናው ላይ ያለው ባሌስትራ ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ተደርጎ ነው የመጣልህ፤ እንዲያውም ከቢላ በበለጠ ሙቀት ነው የሚለሰልሰው፣ መተጣጠፍ ሥራው ስለሆነ። አንተ ስታግለው ያንን ሁሉ አጠፋኸው። በአጭሩ ብርጭቆ ላይ ነው እጀታ የገጠምከው።

አዲስ_ጀማሪ
ጣልቃ ልግባና፣ ፌሮስ ይሆናል? ግንባታ ላይ ስለምሠራ ቁርጥራጩ ሞልቶኛል።

ሞረድ_በእጄ
ፌሮ አይሆንም። እስኪነጋ ብታግለው አይጠነክርም፣ ካርቦኑ ትንሽ ነው። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ጥሩ ሞረድ ደግሞ 1 በመቶና ከዚያ በላይ። ግራይንደር ካለህ ብልጭታው ይነግርሃል። የፌሮ ብልጭታ ረጅም፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የሞረድ ብልጭታ ግን አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ርችት ይበተናል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ አንዴ ካየኸው ሁለተኛ አትሳሳትም። መነጽር አድርግ ታዲያ! እኔ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብዬ ያለ መነጽር ሠርቼ ሐኪም በመርፌ ከዓይኔ ብናኝ ሲያወጣልኝ ነው የነቃሁት።

ጡረተኛው_ሐዲድ
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ሸመንደፈር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷም ትቸኩላለች፣ ስህተት ካያችሁ የእሷ ነው።

ባለቢላው ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተሰበረችበትን ፊት አይተኸዋል? ፀሐይ ላይ ይዘህ ተመልከተውና ምን እንደሚመስል ንገረኝ።

የደቻቱ_ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በረንዳ ላይ ወጥቼ አየሁት። ፍሬ ፍሬ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ስኳር ይመስላል። ደግሞ በስለቱ በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠባሳ አለች። ቆሻሻ መስላኝ ፈተግኳት፣ አልለቀቀችም።

ጡረተኛው_ሐዲድ
አትፈትጋት፣ ቆሻሻ አይደለችም። ስንጥቋ እሷ ናት። ውሃ ውስጥ ስትነክራት ተሰነጠቀች፣ ትኩስ እያለች አየርና ውሃ ገብቶባት ጠቆረች። አዲስ ስብራት ግራጫ ነው። አሮጌ ስብራት ጥቁር ነው። ስለዚህ ቢላህ ሊሾ ላይ አይደለም የሞተችው። ባልዲው ውስጥ ሞታ ነው ሦስት ቀን ይዘሃት የዞርከው።

ስኳሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርሃል። ከልክ በላይ አግለሃታል። ብረት ከልኩ በላይ ሲግል ፍሬው ያድጋል፤ ፍሬው ሲያድግ መያያዙ ይደክማል። ደህና የጠነከረ ብረት ሲሰበር ፊቱ ልሙጥ ግራጫ ነው፣ እንደ ደቀቀ አመድ። እስቲ ልጠይቅህ፣ ስታግላት ቀን ነበር?

የደቻቱ_ልጅ
አዎ ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ግቢ ውስጥ።

ጡረተኛው_ሐዲድ
ድሬ ላይ! በስምንት ሰዓት! በዚያ ፀሐይ የብረት ቀለም ይታይሃል? አንተ «ገና አልጋለም» ትላለህ፣ እሱ ነጥቷል።

ማታ አድርገው። መሸት ሲል መብራት አጥፋ። ማግኔት በሽቦ አንጠልጥል። ብረቱ ሲግል ቆይቶ ማግኔት መያዙን ያቆማል፤ 770 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ብቻ አልፎ፣ ቀለሙ የበሰለ ቲማቲም ከመሰለ በቂ ነው። ከመንከርህ በፊት ደግሞ ሦስት ጊዜ እስከዚያ እያጋልክ እንዲሁ አየር ላይ አቀዝቅዘው። ያደገው ፍሬ መልሶ ይደቅልሃል። ጊዜ ይወስዳል። ቀጠሮ ያለው ሰው ቢላ አይሠራም።

ዘይቱን የምግብ ዘይት አድርገው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ ለሳንባ አይሆንም፤ እኛ በልጅነታችን ስንነፋው ኖረን ዛሬ ሌሊት ሌሊት ያስለኛል። ዕቃው ቆርቆሮ ይሁን፤ ክዳኑም አጠገብህ ይሁን። እሳት ከያዘ ውሃ እንዳታፈስበት፣ ክዳኑን ብቻ ድፋበት።

ቀፊራ_ጥግ
ጋሼ ወላሂ አንድ ጥያቄ። ዘይቱን ሞቅ ማድረግ ያስፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ድሬ ላይም ነው?

ጡረተኛው_ሐዲድ
ሐረር ከሆንክ አሙቀው። ድሬ ከሆንክ ግንቦት ላይ ጥላ ሥር አስቀምጠው። (ይቺን የልጅ ልጄ ናት የጨመረቻት። ለማንኛውም ዘይት ሞቅ ሲል ስለሚቀጥን በደንብ ይሠራል፤ 50 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል።)

የማብሰያ_ቤት
ሁላችሁም ስለ ብረት ብቻ ነው የምታወሩት። ሆቴል ማዕድ ቤት ነው የምሠራው፤ በቀን ስንት ፓፓያ እንደምቆርጥ እግዜር ይወቀው። የደቻቱ፣ ቢላህ ውፍረቷ ስንት ነበር?

የደቻቱ_ልጅ
ባሌስትራው 7 ሚሊ ነበር፣ በግራይንደር እስከ 5 አወረድኩት። ጀርባዋ 5 ሚሊ፣ ስለቷ ጋ ሲደርስ ይቀጥናል።

የማብሰያ_ቤት
እንግዲህ እንዳይከፋህ። ያ ቢላ ሳይሆን ሽብልቅ ነው። እንጨት ፍለጥበት። ማንጎ ላይ ብታሳርፈው ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ፓፓያ ላይ ብታስገባው ከመሐል ይተረትረዋል። የክንድ ፀጉር ላጨ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ፀጉር የሚነካው ጫፏን ብቻ ነው፤ ማንጎ ውስጥ የሚገባው ግን ሙሉ ሰውነቷ ነው።

ብረቱን ከጨረቃ ብታመጣው ወፍራም ከሆነ አይቆርጥም። ተራ ቆርቆሮ ቢሆን ግን ቀጭን ከሆነ ቢያንስ ለዛሬ ይቆርጣል። የኔ ቤት ሠራተኞች የሚሻሙባት አንዲት ቢላ አለች፤ ለሃያ ዓመት ተስላ ተስላ የጣት ያህል የቀረች። አዲሶቹን ትተው እሷን ነው የሚደብቁት። ለምን? ቀጭን ስለሆነች።

ጡረተኛው_ሐዲድ
አንተ ልጅ፣ ቀጭን ያልጠነከረ ብረት ሁለት ሽንኩርት ከቆረጠ በኋላ ዶልዱሞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ብረቱ ነው።

የማብሰያ_ቤት
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዶለዶመ ቀጭን ቢላ በሲኒ ቂጥ ሁለቴ ሳብ ሳብ ሲያደርጉት ይመለሳል። ወፍራሙን ግን ምን ያደርጉታል? ቀኑን ሙሉ ቢስሉት ወፍራም ነው።

ጡረተኛው_ሐዲድ
እሱስ እውነት አለህ። የኛ ቤት እመቤትም በሲኒ ነው የምትስለው። እኔ በገዛኋት ድንጋይ ስል እሷ ታሾፍብኛለች።

ሞረድ_በእጄ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ እንኳ ከስድስት ቢላ በኋላ ነው የገባኝ። ለትንሽ ቢላ ጀርባዋ 2 ሚሊ ይበቃል፣ ግፋ ቢል 2 ተኩል። ስለቱን ከመንከርህ በፊት ግማሽ ሚሊ ያህል ተውለት፤ ከዚያ ከቀጠነ እሳት ላይ ይጣመማል። ከተለሰለሰ በኋላ ነው አውርደህ አውርደህ የምታቀጥነው፣ ውሃ እየነከርክ፣ በእጅ። ለመጨረሻው ውፍረት መለኪያ ከሌለህ የጢም ምላጭ ውሰድ። አንዷ 0.1 ሚሊ ናት። ሦስቷን ደርበህ ጎኑ ላይ ያዝና በጣትህ አመዛዝን። ከስለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ውፍረት ያን ያህል ከሆነ ማንጎው ሳያውቅ ይቆረጣል።

ባሌስትራውን ለመጥረቢያ አስቀምጠው። ለዚህች አሮጌ ሞረድ ፈልግ። አጋልና አመድ ውስጥ ቀብረህ አሳድረው፤ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት በሌላ ሞረድ የሚሞረድ ለስላሳ ብረት ሆኖ ታገኘዋለህ። የሞረዱን ጥርስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፍቀህ አጥፋ። አንዱ ጥርስ ሥር ከቀረ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንዳንድ ርካሽ አዲስ ሞረድ ላዩ ብቻ ነው ጠንካራ፣ ውስጡ ተራ ብረት። ስለዚህ መጀመሪያ ጫፉን ቆርጠህ አጋለው፣ ንከረውና በመዶሻ ምታው። ከተሰበረ ጥሩ ነው። ከታጠፈ ለቁራሌው መልሰው።

ስም_የለሽ7
ቀስ በል ብሮ፣ ቀጥቃጭ ሆነህ ቀረህ እኮ። ሰው እንዳትበላ ብቻ ሃሃሃ።

ሞረድ_በእጄ
ስም የለሽ፣ ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ልንገርህ።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፉን የምነፋላቸው እኔ ነበርኩ፤ ሁለት የፍየል ቆዳ፣ አንዱን ስትጫን ሌላውን ታነሳለህ፣ ክንድህ እስኪዝል። ክረምት ሊገባ ሲል ማረሻና ማጭድ ይዘው ደጃችን የሚሰለፉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ልጆቻቸውን ከአያቴ ዓይን የሚሸሽጉት። አንዷ ሴትዮ ማጭዷን ለመቀበል ስትመጣ ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። አያቴ ያዩ ነበር። ምንም አይሉም። ማጭዷን ግን ከሁሉም አሳምረው ነበር የሚስሉላት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እዚህ ሐረር ጁገል ከአምስቱ በሮች አንዱ ቡዳ በር ነው። አካባቢው የብረት ሠሪዎች ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት ይባላል። አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት ዛሬ አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ግን አልጠፋም፤ እኔም በዚያ በር በቀን ሁለቴ እመላለሳለሁ።

ስም_የለሽ7
ወንድሜ ይቅርታ፣ በእውነት። ሳላስብ ነው።

ሞረድ_በእጄ
ምንም አይደል። ቢላ ስትፈልግ ና።

ጁገል_ቆዳ
እኔ ስለ ቢላው አላውቅም፣ ስለ ልብሱ ግን አውቃለሁ። ሐረር ነኝ፣ የቆዳ ቦርሳ እሰፋለሁ። አንድ ወንድም የሠራውን ቢላ በካርቶን ጠቅልሎ በፕላስተር አስሮ «አፎት ሥሪልኝ» ብሎ መጣ። ስፈታው ጣቴን ቆረጠኝ። እባካችሁ፣ ለሰው ስትሰጡ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙሩ!

ለትንሽ ቢላ አፎት ወፍራም ቆዳ ያስፈልጋችኋል፣ 3 ሚሊ ገደማ። ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ፣ ቢላዋን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከቆዳው ጋር በጣታችሁ እየተጫናችሁ ቅርጿን አስይዙት፤ ሲደርቅ እንደያዘ ይቀራል። ስለቷ በሚያርፍበት በኩል መሐል ላይ አንድ ቀጭን ቆዳ ጨምሩ። እሱ ከሌለ ቢላዋ በገባች በወጣች ቁጥር ክሩን ትቆርጠዋለች። በወስፌ ትበሳላችሁ፣ በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ታሻግራላችሁ። እንዲህ የተሰፋ አንዱ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። ክሩን ሰም ቀቡት። እኔ ክር የምገዛው መኪና ግርግር ካሉ ልብስ ሰፊዎች ነው፤ ሰሙን ግን ራሴ ነኝ የምቀባው።

ቢላዋን አፎት ውስጥ አታሳድሯት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ካርቦን ያለው ብረት ደግሞ ዝገት አይችልም። በተለይ በኬሚካል የለፋ ቆዳ ውስጥ ጠዋት ቡኒ ሆና ትጠብቃችኋለች።

የማብሰያ_ቤት
ስለ ዝገት ካነሳሽው እህቴ፣ እኔ የካርቦን ብረት ቢላዬን አዲስ እያለ ሆን ብዬ አጠቁረዋለሁ። ሎሚ ወይም ወፈር ያለ የሮቃ ጭማቂ እቀባና ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። አሲዱ ብረቱን ግራጫ ያደርገዋል። ከታጠበና ዘይት ከተቀባ በኋላ ቀዩ ዝገት ቶሎ አይይዘውም። መልኩም ደስ ይላል፣ የደመና ቀለም።

ቀፊራ_ጥግ
ሁሉም ጥሩ፣ ግን ዋናውን ረሳችሁት አቦ። ይሄን ቢላ ይዞ የት ይገባል? በየበሩ ፍተሻ ነው። ባንክ ፍተሻ፣ ሆቴል ፍተሻ፣ ስብሰባ ፍተሻ። ሰንጢ ደግሞ ስሙ ራሱ ጠፍቷል፤ ኪስህ ውስጥ ከተገኘ ሌባ ነው የምትመስለው።

የደቻቱ_ልጅ
እሱማ ደርሶብኛል። ከመሰበሯ አንድ ቀን በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ አወጣት። «ይሄ ምንድን ነው?» «ማንጎ መላጫ ነው።» «ማንጎህስ የታለ?» መልስ አጣሁ። እሱ ጋ ትቻት ገባሁ። ስወጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ በኔ ቢላ ብርቱካን እየላጠ አገኘሁት። «አሪፍ ናት፣ ግን ትንሽ ትወፍራለች» አለኝ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን የማብሰያ ቤትን ሳነብ ሰውየው ልክ እንደነበር ገባኝ።

ሞረድ_በእጄ
ሃሃሃ ጥበቃው ባለሙያ ነው። እኔ ገበያ ወይም ቢሮ ስሄድ ቤት ነው የምተዋት። እርሻና ጉዞ ላይ ነው የምይዘው፣ እሱንም በአፎት፣ ቦርሳ ውስጥ። ስለቷ 7 ሴንቲ ከሆነ ለዕለት ሥራ ይበቃል፣ ሰውም አታስደነግጥም።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የደቻቱ_ልጅ
ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ቁራሌው ጋ አንድ አሮጌ ሞረድ አገኘሁ። ጫፉን ቆርጬ አጋልኩት፣ ነከርኩትና መታሁት፤ ተሰበረ። ፊቱን በፀሐይ አየሁት፣ ልሙጥ ግራጫ። ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት ማንበብ የቻልኩ መሰለኝ።

አመድ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት እንደተባለው ለስልሷል። ግራይንደሩን አልነካሁትም። አራት ማታ ሞርሳ ላይ አስሬ በእጄ ሞረድኩት። ሞረዱን በሁለት እጅ አግድሜ ወደ ራሴ ስስበው ረጅም ልጭ ይወጣል፤ ጎኑም ቀጥ ብሎ ይቀራል። ጀርባው 2 ሚሊ። ስለቱን በጥቁር ማርከር ቀባሁና መሐሉን በሚስማር መስመር አሰመርኩበት፤ ከሁለቱም ጎን እኩል እንዲወርድልኝ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ120 ጀምሬ እስከ 400።

መሸት ሲል መብራት አጥፍቼ አጋልኩት። ሦስት ጊዜ አየር ላይ አቀዘቀዝኩ። በአራተኛው የኒዶ ጣሳ ሙሉ ዘይት ውስጥ በጫፉ አስገባሁት። ነበልባል ብድግ አለ! ጎረቤት «እሳት! እሳት!» ብሎ ጮኸ። ክዳኑን ደፋሁበት። ሞረድ ስሞክርበት ተንሸራተተ። አልተጣመመም።

ማለስለሻ ምድጃ የለኝም። ስለዚህ የእናቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ወሰድኩ። ሳህን ላይ አሸዋ አድርጌ፣ ቢላዋን አሸዋው ላይ አስተኝቼ፣ ምጣዱ ላይ ጣድኩ። በደንብ ስለወለወልኳት ቀለሟ ሲለወጥ ይታየኛል፤ ሙቀቷን የሚነግረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከጀርባዋ በኩል ፈዘዝ ያለ ቢጫ መጣ። ቢጫው ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ወረደ። ልክ የጠጅ ቀለም ሲሆን መብራት ሄደ።

ድርግም! ሰፈሩ ሁሉ። በስልኬ ባትሪ ሳያት ጠጅ እንደሆነች ቀርታለች።

ጡረተኛው_ሐዲድ
ሰማያዊ ሳይሆን መብራት መሄዱ ዕድለኛ ነህ። ሰማያዊ ለሞላ እንጂ ለስለት አይሆንም። መብራት ሲመጣ ደገምከው?

የደቻቱ_ልጅ
በማግስቱ ደገምኩት ጋሼ። እናቴ ግን ያዘችኝ። ምጣዷ ላይ አሸዋ! የጮኸችውን ጩኸት ደቻቱ ማዶ ያለ ሰው ሰምቶታል። «እንጀራ የሚጋገርበት ላይ ብረት ትቀቅላለህ?» አለችኝ። ምጣዱን ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ በጎመን ዘር አሰስኩ፣ አሁንም ፊቷ አልተፈታም።

እጀታውን ከድሮው የወይራ ቁራጭ ሠራሁ። ችንካሩ ከወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ የወጣ መዳብ ነው። ማጣበቂያው በደንብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅኩ። መጨረሻ ላይ ስለቱን እያቀጠንኩ ሦስት ምላጭ ደርቤ አመዛዘንኩ። በድንጋይ ሳልኩ፣ በሲኒ ቂጥ ጨረስኩ፣ ቀበቶ ላይ አሻሸሁ። ሮቃም ቀባኋት። እውነትም ደመና መሰለች።

ከጠረጴዛ ላይ ጣልኳት። ሆን ብዬ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ጣልኳት። ሊሾው ተፋቀ፣ እሷ ምንም።

የማብሰያ_ቤት
ማንጎውስ?

የደቻቱ_ልጅ
እሱን ልነግርህ ነው። እርቅ ይሁን ብዬ ፓፓያ ገዝቼ ለእናቴ በአዲሷ ቢላ ቆረጥኩላት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቢላዋን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ቆረጠች። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቲማቲም አመጣች። ከዚያ ሽንኩርት። ታጥባ፣ ደርቃ፣ ዘይት ተቀብታ መሳቢያ ውስጥ ገባች። «የኔን ምጣድ ወስደህ የለ» አለችኝ።

ትናንት «ቢላዬ» ስትል ሰማኋት። ስለዚህ ቢላ የለኝም። አሮጌ ሞረድ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ። ጁገል ቆዳ፣ አፎቱን ለሁለተኛዋ አቆይልኝ።

ጁገል_ቆዳ
እሺ። በካርቶን ጠቅልለህ እንዳታመጣ ብቻ።

ቀፊራ_ጥግ
አቦ እኔ ጋ አሮጌ ሞረድ ግማሽ ጆንያ አለ። ብር አልፈልግም፣ አንድ ቢላ ሥራልኝ። ግን እፊቴ ሊሾ ላይ ትጥላታለህ።